የጫካው የእሳት እራት ቫይረስ ትሎቹ ሲያልቁ የት ይቆያል? በእንቁላል ይተላለፋል?

ባዮሎጂ ሐዋሳ

ሰላም ለቤቱ። ሐዋሳ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ ከአንዲት ተማሪ የመጣ ጥያቄ አላስቀምጥ ስላለኝ ነው የጻፍኩት።

ስለ ቫይረስ ሳስተምር በምሳሌነት ያነሳሁት ስፖንጂ ሞዝ የሚባለውን የጫካ የእሳት እራት ነበር። የትውልድ አገሩ አውሮፓና እስያ ነው። አሜሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ትሩቬሎ የሚባል ፈረንሳዊ ሐር አገኝበታለሁ ብሎ ቦስተን አጠገብ ወዳለችው ሜድፎርድ አምጥቶት አመለጠው። አባጨጓሬው የኦክ ዛፍ ቅጠል ሙልጭ አድርጎ ይበላል። ቁጥሩ ከልክ ሲያልፍ ግን አንድ ቫይረስ ይነሳና ይፈጀዋል።

ይህን ስናገር ልጅቷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ቫይረስ በሕይወት ያለ ሴል ካላገኘ አይባዛም ብለውናል። ታዲያ ትሎቹ ሲያልቁ ቫይረሱ ለምን አብሮ አያልቅም?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ደግሞ ይበልጥ ከበደኝ። ይህ ቫይረስ የሚገባው በአፍ ነው፣ አባጨጓሬው ከቅጠል ጋር ሲበላው። አድጎ ክንፍ ያወጣው የእሳት እራት ምግብ የሚባል አይቀምስም። ከዚያ በኋላ ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ ያለው እንቁላል ብቻ ነው። እንቁላል አይበላም። እና በዚህ ሁሉ ጊዜ ቫይረሱ የት ነው ያለው? እናትየዋ በሆዷ ለልጆቿ ታወርሳለች ወይስ ሌላ መንገድ አለ? የምታውቁ በደንብ አስረዱኝ፣ ልጆቹ መልስ እየጠበቁ ነው።

የደን ልጅ (ወንዶ ገነት)

ተማሪሽን አድንቂልኝ። ሰዎች ለብዙ ዓመታት የተከራከሩበትን ነገር ነው የጠየቀችው።

መጀመሪያ ቫይረሱን እንወቀው። ባኩሎቫይረስ ከሚባለው ወገን ነው። እንደ ጉንፋን ቫይረስ ከሰውነት ሲወጣ ቶሎ የሚጠፋ አይደለም። አባጨጓሬው ውስጥ ሲባዛ መጨረሻ ላይ ፖሊሄድሪን በሚባል ፕሮቲን በተሠራ ክሪስታል ውስጥ ይታሸጋል። አንዷ ክሪስታል ብዙ የቫይረስ ቅንጣት ትይዛለች። ውሃ አያሟሟትም፣ ሬሳው ሲበሰብስም አትበሰብስም። የምትፈታው ጠንከር ያለ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲያገኛት ነው። የአባጨጓሬ አንጀት ደግሞ ፒኤች 10 እና ከዚያ በላይ የሚደርስ አልካሊ ነው። ስለዚህ ጎተራ እንደገባ ዘር በላት። እርጥቡ መሬት እስኪመጣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለተማሪሽ የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው። ለመባዛት ሕያው ሴል ያስፈልገዋል፣ ለመቆየት ግን አያስፈልገውም።

አሟሟቱን ደግሞ እዪ። በዚህ ቫይረስ የሞተ አባጨጓሬ በመሃል እግሮቹ ግንድ ላይ ተጣብቆ ጭንቅላቱም ጅራቱም ወደ ታች ተዘቅዝቆ ነው የሚገኘው። ቆዳው ይሳሳል። ስትነኪው ይፈነዳና ቡናማ ፈሳሽ ይወርዳል። ዝም ብሎ መበስበስ እንዳይመስልሽ፣ ቫይረሱ ራሱ ሥጋና ቆዳ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች አሉት። ከአንድ ትልቅ አባጨጓሬ በቢሊዮን የሚቆጠር ክሪስታል ይወጣል። ዝናብ ሲመጣ ይህ ሁሉ ከላይኛው ቅርንጫፍ እየታጠበ ወደ ታችኛው ቅጠል፣ ወደ ግንዱ፣ ወደ አፈሩ ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ ዕጣ ፈንታው የሚወሰነው ባረፈበት ቦታ ነው። ፀሐይ የሚያገኘው ቅጠል ላይ ያረፈው በአልትራቫዮሌት ጨረር በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛው ይሞታል። ቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ የገባው ግን ይከርማል። አፈር ውስጥ የገባውማ ሌላ ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ዳግላስ ፈር የሚባለውን ዛፍ የሚያጠቃ ታሶክ ሞዝ የሚሉት የእሳት እራት አለ። የእሱ ቫይረስ ወረርሽኙ ካለፈ ወደ 40 ዓመት ገደማ በሆነው ጫካ አፈር ውስጥ ትል የመግደል አቅሙን እንደያዘ ተገኝቷል። ዛፉ አፈሩን ጋርዶ ከፀሐይ ስለሚከልለው ጫካ ለዚህ ቫይረስ ከእርሻ ይልቅ ይመቸዋል።

አሁን ወደ እንቁላሉ ልምጣ። አሜሪካ የገባችው የስፖንጂ ሞዝ ሴት ክንፍ ቢኖራትም አትበርም። ከሙሽሬዋ ወጥታ እዚያው አካባቢ ግንዱ ላይ ትጥላለች። በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል በአንድ ክምር ታደርግና ከሆዷ በሚረግፈው ጸጉር ትሸፍነዋለች። ያ ቅርፊት ላይ ከሳምንታት በፊት አባጨጓሬ ሞቶ ፈሶበት ከሆነ ሆዷን እየጎተተች ስትጥል ክሪስታሉ ከጸጉሩ ጋር ይለወሳል። እናትየዋ ራሷ ፍጹም ጤነኛ ልትሆን ትችላለች! በፀደይ እንቁላሉ ሲፈለፈል ትንንሾቹ ቅርፊቱን ቀርጥፈው ነው የሚወጡት፣ ከወጡም በኋላ ክምሩ ላይ ትንሽ ይቆያሉ። ያኔ ይጎርሱታል። ገና ለተፈለፈለ ትል በጣም ጥቂት ክሪስታል ይበቃዋል።

እነዚህ የመጀመሪያዎቹ በሁለት ሳምንት ገደማ ቅጠል ላይ ይሞታሉ። የቀሩት ወንድሞቻቸው ያንን ቅጠል ይበሉና ከሳምንታት በኋላ ሁለተኛውና ከባዱ እልቂት ይመጣል። ጫካ ውስጥ የሚታየው ሞት በሁለት ዙር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ማይክሮስኮፕ

የደን ልጅ ያለው ስለ ስፖንጂ ሞዝ ትክክል ነው። ለሁሉም የእሳት እራት ግን እንዲህ ነው ብለን ለተማሪዎች ብንነግር እናሳስታቸዋለን። ሁለት ነገር መለየት አለበት፦ እንቁላሉ ላይ ያለ ቫይረስና እንቁላሉ ውስጥ ያለ ቫይረስ።

መለያው ቀላል ነው። እንቁላሉን ለሁለት ትከፍያለሽ። ግማሹን በተበረዘ በረኪና ወይም ፎርማሊን አጥበሽ ታለቅልቂያለሽ፣ ግማሹን እንዳለ ትተይዋለሽ። ከዚያ ሁለቱንም ንጹሕ ምግብ እየሰጠሽ ለየብቻ ታሳድጊያለሽ። የታጠበው ሁሉ ድኖ ያልታጠበው ከሞተ ቫይረሱ ውጪ ነበር ማለት ነው። የታጠበውም በዚያው በሽታ መሞቱን ካላቆመ ግን ከውስጥ የመጣ ነገር አለ። ስፖንጂ ሞዝ ላይ ይህ ሲሞከር ማስረጃው ወደ ውጪው ያደላል። ሌሎች ላይ ግን ከውስጥም እንደሚመጣ ታይቷል።

ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ አስደናቂው እንግሊዝ አገር የተሠራው ሥራ ነው። የጎመን የእሳት እራት ላብራቶሪ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ሲራባ ኖሯል። ለትሎቹ የሌላ የእሳት እራት ቫይረስ አበሏቸው፣ የጥድ ደን የሚያጠቃው የፓይን ቢዩቲ የሚሉትን። ትሎቹ ታመው ሞቱ። ሬሳው ውስጥ የተገኘው ግን የበሉት ቫይረስ ብቻ አይደለም። የራሱ የጎመኑ የእሳት እራት ቫይረስ ወጣ! ለካ ያ ሁሉ ትውልድ ምልክት ሳያሳይ ተሸክሞት ኖሯል። በኋላ ሜዳ ላይ ካሉ የእሳት እራቶችም ተመሳሳይ ነገር ተገኘ።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፣ የእኛው ተምች አለ። በዝናብ ወቅት በነፋስ እየታገዘ ከታንዛኒያና ከኬንያ አቅጣጫ ወደ እኛ የሚዘልቀው ማለቴ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ከሜዳ የተያዙ ጤነኛ የሚመስሉ የእሳት እራቶች ሲመረመሩ ብዙዎቹ ቫይረሱን በሰውነታቸው ይዘውት ተገኝተዋል፣ ለልጆቻቸውም ያስተላልፋሉ። እስቲ አስቡት። ተምች ዛሬ እዚህ ነገ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። እንቁላሉን የሚጥልበት ማሳ አምና ተምች ያላየ ሊሆን ይችላል። አፈሩ ውስጥ የሚጠብቀው ቫይረስ የለም። እንዲህ ላለ ነፍሳት ቫይረሱ አብሮ ካልበረረ ይቀራል። የማትበረው ስፖንጂ ሞዝ ግን በየዓመቱ እዚያው ግንድ ላይ ትጥላለች፣ ቅርፊቱ ይበቃዋል። ቫይረሱ የሚሄድበት መንገድ ከነፍሳቱ አኗኗር ጋር የተያያዘ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጉሎ ቅጠል (አዳማ)

ይቅርታ መሃል ልግባ። እኔ ጫካ አላውቅም፣ ግን የምታወሩት ነገር ቤቴ ድረስ የመጣ ነው። አዳማ ውስጥ በጉሎ ቅጠል የሚያድገውን የሐር ትል እናረባለን፣ እኔና ባለቤቴ። ባለፈው ሙቀቱ ሲበረታ ትሎቹ መብላት ቀነሱ፣ ከዚያ ገላቸው አብጦ ቆዳቸው ሳሳ። ስናነሳቸው ቆዳው ይቀደድና እንደ ወተት ያለ ፈሳሽ እጃችን ላይ ይቀራል። ብዙው አለቀ። ጥቂቶቹ ተርፈው ሐራቸውን ሠሩ፣ የእሳት እራት ሆኑ፣ አሁን እንቁላል ጥለዋል።

ባለቤቴ እነዚህ በሽታውን ያሸነፉ ጠንካሮች ናቸው፣ ዘር እንያዝባቸው ትላለች። እኔ ደግሞ ፈራሁ። ይህንን የሚያውቅ ሰው ይምከረን። እንቁላሉን እናቆየው ወይስ እናቃጥለው?

ባዮሎጂ ሐዋሳ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጉሎ ቅጠል፣ አይዞህ፣ እኔም መልሱን እጠብቃለሁ።

ሁለት ነገር ግን አልገባኝም። አንደኛ፣ አፈር ውስጥ 40 ዓመት የተቀመጠው ቫይረስ ዛፍ ላይ ያለውን ትል እንዴት ያገኘዋል? አፈር አይበሉም። ሁለተኛ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ጤነኛ የእሳት እራት ውስጥ ቫይረስ «ተገኘ» ስትል ምን ማለትህ ነው? ዲኤንኤው ከተገኘ ሕያው ቫይረስ አለ ማለት ነው?

የደን ልጅ (ወንዶ ገነት)

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። ትሉ አፈር ባይበላም አፈሩ ወደ እሱ ይመጣል። ዝናብ ሲመታው ጭቃው ታችኛው ቅጠል ላይ ይረጫል፣ ነፋስም አቧራውን ያነሳዋል። ስፖንጂ ሞዝ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ቁጥሩ ዝቅተኛ በሆነባቸው ዓመታት ትልልቆቹ አባጨጓሬዎች ቀን ቀን ከዛፉ ወርደው የረገፈ ቅጠል ሥር ወይም ቅርፊት ውስጥ ይደበቃሉ፣ ሲመሽ ተመልሰው ይወጣሉ። በየቀኑ ቫይረሱ ባለበት ይመላለሳሉ ማለት ነው።

ወፎችንም አትርሺ። የታመመ አባጨጓሬ የበላ ወፍ ክሪስታሉን አይፈጨውም፣ ምክንያቱም ሆዱ እንደ አባጨጓሬ አልካሊ አይደለም። በኩሱ ሌላ ዛፍ ላይ ከነሕይወቱ ይጥለዋል። ወፉን ራሱን ግን አይነካውም፣ ባኩሎቫይረስ አጥንት ያላቸውን እንስሳት አያጠቃም። ሰውንም ጭምር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጆቹ ይወዱታል። በጤናው ጊዜ የሚደበቀው ይኸው አባጨጓሬ ሲታመም ቀንም ላይ እላይ ይቀራል፣ እዚያው ተንጠልጥሎ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ከዚህ ጀርባ አንድ የቫይረሱ ጂን እንዳለ ታይቷል። ጂኑ የሚሠራው ኢንዛይም የአባጨጓሬውን ቆዳ የሚያስቀይረውን ሆርሞን ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል። ጂኑ የተወገደበት ቫይረስ የያዛቸው ግን እንደዚያ ከላይ አልቀሩም። ከላይ የሞተ ትል ደግሞ ከሥሩ ላለው ቅጠልና ግንድ ሁሉ ያዘንባል።

ማይክሮስኮፕ

መምህርት፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው። ዲኤንኤ ብቻ መገኘቱ አይበቃም። ትሉ ትናንት የበላው የሞተ ቫይረስ ቅሪትም ዲኤንኤ አለው። ስለዚህ ቀጥሎ የሚፈለገው ጂኑ እየሠራ መሆኑ ነው። የፖሊሄድሪን ጂን አርኤንኤ (ጂኑ ሥራ ላይ ሲሆን የሚወጣው ቅጂ) ከተገኘ ቫይረሱ ሰውነቱ ውስጥ ዝም ብሎ አልተኛም፣ በትንሹ እየሠራ ነው። በእንግሊዙ የጎመን የእሳት እራት ላይ ይህም ታይቷል። የመጨረሻው ማረጋገጫ ግን ያ የተደበቀው ተቀስቅሶ በሽታ ሲሆን፣ ትሉ ሲሞትና ክሪስታሉ ሲወጣ ማየት ነው። ከዚህ ያነሰ ማስረጃ ይዞ «በውርስ ይተላለፋል» ለሚል ሰው እኔ ቶሎ አላምንም።

የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው ካልሽኝ ደግሞ የሌላ ቫይረስ መግባት አንዱ ነው፣ ከላይ እንዳልኩት። መጨናነቅ፣ ሙቀት፣ የምግብ ለውጥም ይጠቀሳሉ፣ ግን ከዝርያ ዝርያ ውጤቱ አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ጉሎ ቅጠል። ወንድሜ፣ በግልጽ ልንገርህ። ከእነዚህ ዘር አትያዙ። ባለቤትህ ያለችው ስሜት ይሰጣል፣ የተረፈ ጠንካራ ነው ብሎ ማሰብ የማንም ሰው ሐሳብ ነው። ግን መትረፍና መዳን ለየቅል ናቸው። ከተረፉት አንዳንዶቹ ቫይረሱ ጭራሽ ያልደረሳቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ወስደው በዝምታ የተሸከሙት ሊሆኑ ይችላሉ። ስፖንጂ ሞዝ ላይ እንኳ ቫይረስ ወስደው የተረፉ ሴቶች ክብደታቸው እንደሚቀንስና የሚጥሉትም እንቁላል እንደሚያንስ ታይቷል። እና ዘሩ ጤነኛ ቢሆንም ምርቱ ላያጠግብህ ይችላል።

ዋናው ጭንቀቴ ግን እንቁላሉ አይደለም፣ ቤቱ ነው። ያ ወተት የመሰለው ፈሳሽ የነካው ትሪ፣ መደርደሪያ፣ ወለል፣ የቅጠል መክተፊያ ሁሉ ክሪስታል አለበት። አዲስና ንጹሕ እንቁላል አምጥተህ እዚያው ብታስገባው መልሶ ይይዘዋል። ከዚያ እንቁላሉን ትወቅሳለህ። ሬሳውንና የተረፈውን ቅጠል አቃጥል ወይም ራቅ አድርገህ በጥልቁ ቅበር፣ ጉሎው ሥር ማዳበሪያ ይሆናል ብለህ እንዳትበትነው። ዕቃውን በሳሙና እጠብ፣ በረኪና ንከር፣ ከዚያ ጥሩ ፀሐይ ላይ ደጋግመህ አስጣው። አዳማ ፀሐይ አይጠፋም፣ እሱም መድኃኒትህ ነው። ለሚቀጥለው ዙር ደግሞ እንቁላሉን ከመፈልፈሉ በፊት ማጠብ ልመድ። የበረኪናውን መጠን በግምት አታድርገው፣ ከበዛ እንቁላሉን ይገድላል። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ያለው መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በሐር ትል ላይ ይሠራል። ሄዳችሁ ጠይቁ።

ጉሎ ቅጠል (አዳማ)

ተባረክ። ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ አንድ ነገር ግን ጠይቀው አለችኝ። የሐር ትል ላይ እናትየዋ ከጣለች በኋላ ተፈጭታ በማይክሮስኮፕ ትታያለች፣ ንጹሕ ከሆነች እንቁላሏ ይያዛል ሲባል ሰምታለች። ያንን ብናደርግ ዘሩን አናድነውም?

ማይክሮስኮፕ

የሰማችው እውነት ነው፣ ግን ለሌላ በሽታ ነው። ፔብሪን ይባላል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ የደቡብ ፈረንሳይን የሐር አርቢዎች ሲረዳ ያስፋፋው ዘዴ ነው፣ ብዙ ሰው ከኪሳራ አድኗል። የፔብሪን አምጪው ቫይረስ ሳይሆን ማይክሮስፖሪዲያ የሚባል ጥገኛ ነው። እናትየዋ ውስጥ ስፖሩ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ በእንቁላሏ ውስጥም በእርግጠኝነት ያልፋል። በዝምታ የተደበቀ ባኩሎቫይረስ ግን ክሪስታል አይሠራም። እናትየዋን ፈጭታችሁ ብታዩ ምንም ላይታያችሁ ይችላል፣ ንጹሕ ናት ብላችሁ ትሸወዳላችሁ።

በማይክሮስኮፕ የሚታየው የታመመው ትል ነው። መምህርትም ብትሆን ይህን ለልጆቹ ልታሳያቸው ትችላለች፣ ጉሎ ቅጠል ከዚያ ፈሳሽ ያለበት ሬሳ ካስቀመጠ። አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ፣ ከላይ ሽፋን፣ በ400 እጥፍ ማጉላት። የሚያብረቀርቁ፣ ጎን ጎን ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች ሜዳውን ሞልተውት ታያላችሁ። የስብ ጠብታም ሊያብረቀርቅ ስለሚችል እንዳያምታታችሁ ከሽፋኑ ጫፍ የተበረዘ ኮስቲክ ሶዳ፣ እሱም አልካሊ ነው፣ ጠብ አድርጉ። ክሪስታል ከሆነ ዓይናችሁ እያየ ሟሙቶ ይጠፋል፣ ስብ ከሆነ እንዲያ ቶሎ አይሄድም። አባጨጓሬው አንጀት ውስጥ የሚሆነው ይህንን ይመስላል።

ባዮሎጂ ሐዋሳ

ይህን ማሳየትማ አለብኝ! ጉሎ ቅጠል፣ ከማቃጠልህ በፊት ጥቂት በደንብ በተከደነ ጠርሙስ አስቀምጥልኝ። ከአዳማ ሐዋሳ የሚመጣ ሰው አላጣም። ማጓጓዙ ችግር የለውም አይደል?

ማይክሮስኮፕ

ለሰው ችግር የለውም። ሐዋሳ አካባቢ የሐር ትል የሚያረባ ሰው ግን ሊኖር ስለሚችል ጠርሙሱን በፕላስቲክ ደርበው ይላኩልሽ፣ የሚከፈተውም ክፍል ውስጥ ብቻ ይሁን። ካሳየሽ በኋላ ስላይዱንም ጠርሙሱንም በረኪና ውስጥ አሳድሪ። ኮስቲክ ሶዳውን ልጆቹ እንዳይነኩት፣ አንቺ ራስሽ ጓንት አድርገሽ ጠብ አድርጊላቸው።